ግብዝነት የሌለበት እምነት ከአያት እስከ ልጅ ልጅ

(አስቀድሞ የሚነበበው ክፍል፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥1-7፤ መሳፍንት 2፥6-12።)

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ሁለተኛውን መልእክት ለጢሞቴዎስ በጻፈ ጊዜ እስረኛ ነበረ፤ ከዚህም ዓለም የሚለይበት ቀን እንደ ቀረበ ያውቅ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ቃሉን በከንቱ አያባክንም። ይህ ሽማግሌ ግን በመልእክቱ መጀመሪያ ላይ አንዲት አሮጊት ያስባል። ስምዋ ሎይድ ነው፤ የጢሞቴዎስ አያት ናት። ከእርስዋ ቀጥሎ እናቱን ኤውንቄን ይጠራል፤ ከዚያም በኋላ በእነዚህ በሁለቱ የነበረው እምነት በጢሞቴዎስ ደግሞ እንዳለ እርግጠኛ መሆኑን ይነግረዋል። በግሪክ ቋንቋ በተጻፈው ሐዲስ ኪዳን ሴት አያትን የሚያመለክተው ቃል የሚገኘው በዚህ ስፍራ ብቻ ነው። ሎይድ ስብከት እንደ ሰበከች፣ ተአምራትም እንዳደረገች አልተጻፈም፤ የተጻፈላት እምነትዋ ነው።

ሐዋርያው ይህን እምነት በምን ስም እንደ ጠራው አስተውል። ግብዝነት የሌለበት ይለዋል። ግብዝ ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል አስቀድሞ በቴአትር መድረክ የሌላውን ሰው መልክ ይዞ ለሚጫወት ሰው የሚነገር ነበረ። ተጫዋቹ ንጉሥ መስሎ ይናገራል፤ ጨዋታው ባለቀ ጊዜ መሸፈኛውን ከፊቱ አንሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንግዲህ ግብዝነት የሌለበት እምነት ማለት ከጉባኤ ወጥቶ ወደ ቤት ሲገባ ፊቱን የማይለውጥ እምነት ነው። የቤቱንም ፊት ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው ማን ነው? ልጅ ነው። ልጅ ከመሶቡ ሥር ተቀምጦ ሁሉን ያያል፤ ሁሉን ይሰማል።

የጢሞቴዎስ ቤት የተስተካከለ ቤት አልነበረም። እናቱ ያመነች አይሁዳዊት ነበረች፤ አባቱ ግን የግሪክ ሰው ነበረ (ሐዋ. 16፥1)። ልጁም በስምንተኛው ቀን እንደ ሕጉ አልተገረዘም ነበር፤ የተገረዘው ካደገ በኋላ ጳውሎስ ወደ ልስጥራን በመጣ ጊዜ ነው። ከዚህ እንደምናየው በዚያ ቤት ስለ ልጁ አስተዳደግ የእናቲቱ ፈቃድ ብቻ አልሆነም። ሆኖም ጢሞቴዎስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን ያውቅ ነበር (2ኛ ጢሞ. 3፥15)። እኅቴ ሆይ፤ ባልሽ ከአንቺ ጋር የማያምን ብትሆኚ፣ ልጆችሽም በሁለት መንገድ መካከል ቢያድጉ ይህን ቃል ደጋግመሽ አንብቢው። ለአንቺ የተጻፈ ነው።

ርስት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ልጁ ተኝቶ ሳለ እንኳ ርስቱ የእርሱ ነው። እምነት ግን እንዲህ አይተላለፍም። ሎይድ አመነች፤ ኤውንቄ አመነች፤ ጢሞቴዎስም በራሱ አመነ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ በሌላው እምነት አልዳነም። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ እናትህ አምናለችና ዕረፍ አላለውም፤ በአንተ ያለውን የእግዚአብሔርን ስጦታ እንደ እሳት አቀጣጥል አለው እንጂ። ፍሙ ከጎረቤት ይለመናል፤ እፍ የሚለው ግን ባለቤቱ ነው።

አሁን ወደ መሳፍንት መጽሐፍ እንመለስ። ኢያሱ በኖረበት ዘመን፣ ከኢያሱም በኋላ በቀሩት ሽማግሌዎች ዘመን ሕዝቡ እግዚአብሔርን አመለከ። እነዚያ ሽማግሌዎች እግዚአብሔር ለእስራኤል ያደረገውን በዓይናቸው ያዩ ነበሩ። እነርሱ ሞተው ወደ አባቶቻቸው በተከማቹ ጊዜ ግን እግዚአብሔርንና ሥራውን የማያውቅ ሌላ ትውልድ ተነሣ። ይህ እንዴት ሆነ? ድንኳኑ አልፈረሰም ነበር፤ ካህናቱም አላለቁም። በዓላቱ በየዓመታቸው ይመጡ ነበር። ያለቀው ምስክር ነው፤ አየሁ የሚል ሰው ባለቀ ጊዜ ሰማሁ የሚለው አልተካውም።

ኢያሱ ይህን አስቀድሞ ያሰበ ይመስላል። ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ ከወንዙ መካከል አሥራ ሁለት ድንጋዮች አስነሥቶ በጌልገላ አቆማቸው (ኢያሱ 4)። ድንጋዮቹ የቆሙት ልጆች አይተው ምንድር ናቸው ብለው አባቶቻቸውን እንዲጠይቁ ነው። ስለዚህ የልጅ ጥያቄ በእግዚአብሔር አሳብ ውስጥ አስቀድሞ ስፍራ ነበረው። በእኛስ ቤት ልጅ በጠየቀ ጊዜ ምን ይባላል? በብዙ ቤት «ዝም በል፤ አትመራመር» ይባላል። ልጁም ዝም ይላል። አባቱ ልጄ ታዛዥ ሆነ ብሎ ደስ ይለዋል፤ ልጁ ግን ጥያቄውን ይዞ ወደ ሌላ ሰው ሄዶአል። የማታውቀውን ብትጠየቅ አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ በለው፤ በዚህ ክብርህ አይቀነስም።

ነገር ግን በዚህ ስፍራ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልጁ የጠፋበትን ወላጅ ሁሉ ወዲያውኑ የሚወቅሱ ሰዎች አሉ፤ ይህ የኢዮብ ወዳጆች ዳኝነት ነው። ዔሊ ልጆቹን አፍኒንንና ፊንሐስን በአፉ ገሠጸ፤ ከክፉ ሥራቸው ግን አልከለከላቸውም፤ ስለዚህ ተወቀሰ። ሳሙኤል በዚያ ቤት አድጎ ይህን ሁሉ በዓይኑ አየ፤ ቢሆንም የገዛ ልጆቹ ጉቦ ተቀብለው ፍርድ አጣመሙ (1ኛ ሳሙ. 8፥1-3)። የነገሥታትንም ታሪክ ተመልከት። ሕዝቅያስ ደግ ንጉሥ ነበረ፤ ልጁ ምናሴ ግን አምሳ አምስት ዓመት ነግሦ አባቱ ያፈረሰውን የጣዖት መሠዊያ መልሶ ሠራ። የምናሴ ልጅ አሞን ክፉ ነበረ፤ ከአሞን ግን ኢዮስያስ ተወለደ፤ እርሱም ገና ብላቴና ሳለ እግዚአብሔርን ፈለገ። ከደግ ክፉ፣ ከክፉም ደግ ተወለደ። የሚያለቅስ አባት ቢያጋጥምህ ከእርሱ ጋር አልቅስ እንጂ በላዩ ላይ አትፍረድ።

ይህ ነገር በእስራኤል ብቻ የሆነ አይደለም፤ በአገራችንም ሆኖአል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1928 የወንጌል መልእክተኞች ወደ ወላይታ መጥተው በሶዶ ሥራ ጀመሩ። ሥራው በብዙ ድካም ይሄድ ነበር። ጣልያን አገሩን ከያዘ በኋላ በ1937 መልእክተኞቹ እንዲወጡ ተገደዱ፤ በዚያ ጊዜ የተጠመቁት የወላይታ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። በቋንቋቸው የተተረጎመው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ጥቂት ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ማንበብ አያውቁም ነበር። የሄዱት ሰዎች እነዚህን እንደ ሕፃናት ትተናቸው ሄድን ብለው እጅግ አዘኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጠላት ወጥቶ መልእክተኞቹ በተመለሱ ጊዜ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች አገኙ።

በመካከሉ ምን ሆነ? መሪዎቹ ታሰሩ፤ ተገረፉም፤ ዋንዳሮ የሚባለው ሰባኪ ከታሰሩትና በጅራፍ ከተገረፉት አንዱ ነበረ። የጸሎት ቤታቸው ፈረሰ። በዚያ ዘመን እስረኛን የሚመግበው ዘመዱ ነበረና የአማኞች ሚስቶችና ጎረቤቶች እንጀራ ተሸክመው ወደ ወኅኒ ይመላለሱ ነበር፤ ያላመኑ እስረኞችም ከዚያ ይበሉ ነበር። እንግዲህ ሕዝቡ ያየው ይህን ነው። የተገረፈው ሰው ለገራፊው ሲጸልይ አየ፤ ዘመድ ያልሆነ ሰው ለማያውቀው እስረኛ እንጀራ ሲያመጣ አየ። ብዙዎች ያመኑት ንግግር ስለ ሰሙ ብቻ አይደለም፤ ንግግሩና ኑሮው አንድ ሆኖ ስላገኙት ነው።

ለእነዚያ ሰዎች ልጆችም የራሳቸው ፈተና መጣባቸው። ከ1974 ጀምሮ ደርግ በነገሠ ጊዜ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። በ1979 የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። በ1982 የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ንብረትዋ ተወረሰ፤ መሪዎችዋም ታሰሩ። ምእመናንዋ በየቤቱ አምስትም ሰባትም እየሆኑ በቀስታ ይሰበሰቡ ነበር፤ እናቶችም ቡና አፍልተው፣ ጎረቤት ለቡና የተጠራ እንዲመስል አድርገው ጉባኤውን ይሸፍኑ እንደ ነበረ ከዚያ ዘመን ሰዎች እንሰማለን። በተዘጋች ጊዜ አባሎችዋ 5,000 ያህል ነበሩ፤ በ1991 በገሀድ በተሰበሰቡ ጊዜ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ።

እንግዲህ አያት በጅራፍ ተፈተነ፤ አባት በመዝጊያ ተፈተነ። የልጅ ልጅስ በምን ይፈተናል? በሩ ተከፍቶለታል። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ድምፅ ማጉያ አለ። ክርስቲያን መባል በብዙ ስፍራ ነቀፌታ መሆኑ ቀርቶ ለጋብቻም፣ ለንግድም፣ ለሥራ መቀጠርም የሚጠቅም ሆኖአል። ይህ ፈተና ከፊተኞቹ ይቀልላል የሚል ሰው ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋር አልስማማም። ጅራፍ ሲመጣ ሰው ማን መሆኑን ያውቃል፤ ምቾት ግን አንድ ሰው አምኖ ይሁን ወይም ለምዶ እንደ ሆነ ለራሱ እንኳ ሳያስታውቀው ብዙ ዓመት ያኖረዋል።

አሁን ያየሁትን ልናገር። በአንድ ከተማ እህል የሚነግድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አውቅ ነበር። ጸሎቱ የሰሚውን ልብ ይነካ ነበር፤ መዋጮ በተጠየቀም ጊዜ አስቀድሞ እጁን የሚዘረጋ እርሱ ነበረ። ልጁ ግን ከጎለመሰ በኋላ ወደ ጉባኤ መምጣት ተወ። ብዙ ሰዎች መከሩት፤ ጓደኛ አሳተው፤ ትምህርት አኮራው ብለውም አሙት። አንድ ቀን በመንገድ አብረን ስንሄድ ምክንያቱን ጠየቅሁት፤ ብዙ ዝም ካለ በኋላ እንዲህ አለኝ። «አባቴ ሲጸልይ እንባው ይፈስስ ነበር፤ እንባውም የውሸት አልነበረም፤ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን በገበያ ቀን ሁለት ጣሳ ነበረን። ከገበሬ የምንሰፍርበት ትልቁ ነበረ፤ ለገዢ የምንሰፍርበት ታቹ ወደ ውስጥ የተደቆሰ ነበረ። የተደቆሰውን የማቀብለው እኔ ነበርሁ፤ ስምንት ዓመቴ ነበረ።»

ሁለት ዓይነት መስፈሪያ በቤትህ አይኑር የሚለው ትእዛዝ በዘዳግም 25 ተጽፎአል፤ ያ ሽማግሌም ይህን ክፍል ሳያነብ አልቀረም። ልጁ የነገረኝን በልጁ ፈቃድ ነገርሁት። አስቀድሞ እጅግ ተቆጣ፤ ነጋዴ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፣ ይህን ያህል ጊዜ ያለፈበትን ነገር ስለ ምን ታነሣለህ አለኝ። ከወር በኋላ ግን ያን የተደቆሰ ጣሳ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ሽማግሌዎች ጉባኤ አመጣው፤ በጠረጴዛ ላይም አኖረው፤ ነገሩን ሁሉ ተናግሮ ከሽምግልናው ሥራ ለጊዜው እንዲያሳርፉት ለመነ። ለልጁም በእናቱ ፊት አንተን የኃጢአቴ ረዳት አድርጌሃለሁና ይቅር በለኝ አለው። አንባቢ ሆይ፤ ልጁ በሚመጣው እሑድ ተመለሰ ብዬ ብጽፍ ደስ ይልህ ነበር፤ ነገር ግን አልተመለሰም። ለመጨረሻ ጊዜ ባየሁት ጊዜም ገና አልተመለሰም ነበር። ይሁን እንጂ ቀድሞ ወደ አባቱ ቤት የማይገባው ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ከአባቱ ጋር ምሳ ይበላ ጀምሮ ነበር።

ጣሳ የሌለው ሰው እኔ ንጹሕ ነኝ አይበል። ከሽማግሌዎች ጉባኤ ተመልሶ በእራት ላይ የአገልጋዩን ስም በልጆቹ ፊት የሚቦጫጭቅ፣ በእሑድም ያንኑ አገልጋይ አቅፎ የሚስም አባት ምን ያስተምራል? ዕዳ ጠያቂ በሩን ሲያንኳኳ ልጁን ሂድና የለም በለው ብሎ የሚልክስ? እናትም ሠራተኛዪቱ ሳህን በሰበረች ጊዜ በምን ቃል እንደምትናገራት ልጆችዋ ይሰማሉ፤ በዝማሬዋ ከሚሰሙት ድምፅ ጋርም ያስተያዩታል።

በማኅበርም ዘንድ ልጆች የሚያዩት ሌላ ነገር አለ፤ ስለዚህ መናገር ያስፈራል፤ ዝም ማለት ግን ይብሳል። አንዲት የድኻ ልጅ ሳታገባ ብታረግዝ በጉባኤ ፊት ስምዋ ይነበባል፤ ከመዘምራንም ትወጣለች። ከእርስዋ ጋር የበደለው የባለጠጋ ልጅ እንደ ሆነ ግን ለትምህርት ተብሎ ወደ ሌላ ከተማ ይላካል፤ ስሙንም የሚያነሣ የለም። ሐዋርያው ያዕቆብ ወርቅ ቀለበት ላደረገው የክብር ስፍራ ሰጥቶ ድኻውን በእግር መረገጫ አጠገብ ስለሚያስቀምጥ ጉባኤ የጻፈው (ያዕ. 2) ለእኛም ነው። ተግሣጽ ይቅር አልልም። ተግሣጽ የሌለበት ማኅበር አጥር የሌለው እርሻ ነው። ነገር ግን ተግሣጹ ለሁሉ አንድ ይሁን፤ የወደቀችውንም የሚያነሣት እንጂ ወደ ጎዳና የሚሰድዳት አይሁን። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላቸው ልጆች ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይህን ፍርድ ይመለከታሉ፤ ስለ እግዚአብሔር ጽድቅ ከስብከቱ ይልቅ ከዚያ ይማራሉ።

አረጋውያን አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ለእናንተ ልመና አለኝ። ያለፈውን ለልጆች በምትነግሩበት ጊዜ ድሉን ብቻ አትንገሩአቸው። ስለ ስሙ ታሰርሁ የምትል አባት ሆይ፤ በእስር ቤት የፈራህባትን ሌሊት ደግሞ ንገራቸው። ያመንሁትን ክጄ ልውጣ ብለህ ያሰብህባት ሰዓት ካለች እርስዋንም አትሸሽግ። ጴጥሮስ ጌታን መካዱ በአራቱም ወንጌሎች ተጽፎአል፤ ይህ የተጻፈው ጴጥሮስ በቤተ ክርስቲያን እጅግ በተከበረበት ዘመን ነው፤ የሚሰርዘውም አልተገኘም። ስለ አባቶቹ ጽናት ብቻ የሚሰማ ልጅ እምነት ለኃያላን የተሰጠ ነገር ይመስለዋል፤ ራሱንም ተመልክቶ እኔ እንዲህ አይደለሁም ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። የፈራ አያት በጸሎት እንደ ጸና ቢሰማ ግን በፈራ ጊዜ ወዴት እንዲሄድ ያውቃል።

ቀጥሎ የምናገረው በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይልቁን የሚገባ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ የተባለው ሰው በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ተወለደ፤ ገና ሕፃን ሳለ ተሰርቆ በባርነት ተሸጠ። በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጣ፤ በዚያም አገር የስዊድን መልእክተኞች አስተማሩት። ይህ ሰው ሌላ ቋንቋ ተምሮ ዐዋቂ ከሆነ በኋላ ያን ቋንቋ ብቻ ይዞ ሊቀመጥ ይችል ነበር። እርሱ ግን ወገኖቹ የእግዚአብሔርን ቃል በሚያልሙበት ቋንቋ ይሰሙ ዘንድ ብዙ ዓመት ደከመ። እንደ እርሱ ከባርነት ነጻ በወጣችው በአስቴር ጋኖ ረዳትነት ሐዲስ ኪዳንን በኦሮምኛ አዘጋጅቶ በ1893 አሳተመ፤ መጽሐፍ ቅዱስም በሙሉ በ1899 ታተመ። ከዚያ በኋላ ወደ ወለጋ ሄዶ በ1931 እስኪሞት ድረስ አስተማረ።

አሁን በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በአውሮፓም ከተሞች ወዳሉት ጉባኤዎቻችን ግባ። ስብከቱ በአማርኛ ነው፤ መዝሙሩም በአማርኛ ነው። በዚያ አገር የተወለዱት ልጆች ግን ከቃሉ ጥቂቱን ብቻ ይሰማሉ፤ ከኋላ ተቀምጠው ስልካቸውን ይመለከታሉ። ወላጆችም ልጆቻችን የእግዚአብሔርን ቃል አይወዱም ይላሉ። ያልሰሙትን እንዴት ይውደዱ? ጳውሎስ በማኅበር በማይታወቅ ልሳን ብዙ ሺህ ቃል ከመናገር ለሌላው የሚገባ አምስት ቃል መናገርን መረጠ (1ኛ ቆሮ. 14፥19)። እኔ የወላጆችን ናፍቆት አልነቅፍም። ስድስት ቀን በባዕድ ቋንቋ ስትደክም የሰነበተች እናት በሰባተኛው ቀን የእናትዋን ቋንቋ ሰምታ ልትጽናና ይገባታል። አማርኛም ለልጆች በቤት ይነገር፤ ፊደልም ይቁጠሩ፤ አያቶቻቸውን ያነጋግሩ ዘንድ ያስፈልጋቸዋል። ነገር ግን የመዳን ቃል ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ይነገረው። ለዚህ ሰዓትና ስፍራ፣ መምህርም መስጠት የማኅበሩ ዕዳ ነው፤ ገንዘብ ቢጎድል የመድረኩ ጌጥ ይቅር። በአገር ቤትም ወላይትኛ ወይም ሲዳምኛ ከሚናገሩ አባቶች በአዲስ አበባ ለተወለዱት ነገሩ ያው ነው።

ጎልማሶች ሆይ፤ እስካሁን የተናገርሁትን እየሰማችሁ በልባችሁ እውነት ነው፤ አባቶቻችን ግብዞች ናቸው ስትሉ ይሆናል። እናንተንም አልተዋችሁም። አባቶች ጎምዛዛ ፍሬ በልተው የልጆች ጥርስ ደነዘዘ የሚለውን ተረት እግዚአብሔር በነቢዩ በሕዝቅኤል አፍ ከለከለ (ሕዝ. 18)። የአባትህ ሁለት ጣሳ በእግዚአብሔር ፊት ለአንተ መልስ አይሆንልህም። ደግሞም ግብዝነት በሽበት ብቻ አይኖርም። እሑድ በመድረክ ቆሞ እጁን እያነሣ የሚዘምር፣ ሰኞ ግን በፈተና ክፍል ከጓደኛው ወረቀት የሚገለብጥ ጎልማሳ ከነጋዴው በምን ይሻላል? በሥዕሉና በጽሑፉ ለሺህ ሰው መንፈሳዊ መስሎ እየታየ እናቱን ከሳምንት እስከ ሳምንት በስልክ የማይጠይቅስ? የአባታችሁን ጉድለት ያያችሁበት ዓይን ጥሩ ዓይን ነው፤ ወደ ራሳችሁም መልሱት። የተገረፉትንም አያቶቻችሁን በሕይወት ሳሉ ሄዳችሁ ጠይቁአቸው፤ የሚያውቁትን ሁሉ የጻፈላቸው የለምና ሲሞቱ አብሮአቸው ይቀበራል።

ለማኅበር መሪዎች ደግሞ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ሳሙኤል ገና ብላቴና ሳለ በቤተ መቅደስ ያገለግል ነበር፤ በማለዳም ደጆቹን ይከፍት ነበር። እኛ ለጎልማሶች ወንበር ማስተካከልን ብቻ ሰጥተን ኃላፊነትን ሁሉ እስከ ሽበት ድረስ እናቆያለን፤ ከዚያም ጎልማሶች ግድ የላቸውም እንላለን። የድኾችን መዝገብ አስይዙአቸው፤ ሕሙማንን ሲጠይቁ ከአንድ አረጋዊ ጋር ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ላኩአቸው። በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ሽማግሌው ሲጸልይ የሰማ ጎልማሳ በመመለሻው መንገድ ላይ ሳይጠራ ይጠይቃል፤ በጌልገላ ድንጋዮች አጠገብ እንደ ታሰበው።

በቤትም ቢሆን ብዙ ነገር አያስፈልግም። ከእራት በኋላ አንድ አጭር ክፍል አንብቡ፤ ታናሹ ልጅ ያንብብ፤ ቢሳሳት አትሳቁበት። አያት በቤት ካለች ከነገሩ ያየችውን ትናገር። አባት በዚያ ቀን በቍጣ የበደለው ሰው ካለ፣ ልጁም ቢሆን፣ ከጸሎቱ በፊት ይቅርታ ይጠይቀው። መጀመሪያ ይህን ስታደርግ አፍህ ይደርቃል፤ ልጆቹም ግራ ይገባቸዋል። በሁለተኛው ጊዜ ይቀልላል። ጸሎቱም አጭር ይሁን፤ የደከመ ሕፃን በረጅም ጸሎት ጉልበቱን እንዲጠላው አታድርጉ።

ወደ ጳውሎስ ደብዳቤ ተመልሰን መጨረሻውን እንይ። ሎይድን በማሰብ የጀመረው ሽማግሌ በመጨረሻው ምዕራፍ ብርድ ፈርቶ ይጽፋል። በጢሮአዳ ከአክርጳ ዘንድ የተወውን በርኖስ፣ መጻሕፍቱንም፣ ይልቁንም የብራናዎቹን ይዞለት እንዲመጣ፣ ክረምትም ሳይገባ እንዲደርስ ጢሞቴዎስን ይለምነዋል። ከእርሱም ጋር አንድ ሰው እንዲያመጣለት ይጠይቃል። ያ ሰው ማርቆስ ነው፤ በጎልማሳነቱ በጵንፍልያ ከሥራው ተለይቶ የተመለሰው፣ ስለ እርሱም ጳውሎስና በርናባስ እስኪለያዩ ድረስ የተከራከሩበት ማርቆስ (ሐዋ. 15፥37-39)። አሁን ሽማግሌው ለአገልግሎት እጅግ ይጠቅመኛልና ይዘኸው ና ብሎ በስሙ ይጠራዋል።